ሽፍታ ማን ነው? የአንድ ቃል ስደትና የፍቺው መጉደል

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ሕዝቦች ያለ አስተርጓሚ የሚግባቡበት አንድ ቃል ቢፈለግ «ሽፍታ» ከቀዳሚዎቹ አንዱ ይሆናል። አማርኛና ትግርኛ የጋራ ሀብታቸው አድርገው ይናገሩታል። የሱዳን ዐረብኛ «አል-ሽፍታ» ይለዋል። የኬንያ ስዋሂሊ በብዙ ቁጥር «ማሽፍታ» ብሎ ያረባዋል። የጣሊያን ቅኝ ገዥዎች በሪፖርቶቻቸው ጽፈውታል፤ እንግሊዝኛም ከኤርትራና ከሰሜን ኬንያ አንሥቶ በታሪክ መጻሕፍቱ ውስጥ አስገብቶታል። ቃሉ ባለፈባቸው አገሮች ሁሉ ድምፁ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። የተለወጠው ፍቺው ነው። ለውጡም ተራ የቋንቋ ለውጥ ብቻ አልነበረም፤ በሰው ሕይወት፣ በከብትና በርስት የተከፈለበት ነው።

ስለዚህ ቃል ሲነገር ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው የኩራት ስሕተት ነው። አማርኛ ለጎረቤቶቹ ያበደራቸውን ቃላት እየለቀሙ በዝርዝር የሚያቀርቡ ጸሐፍት «ሽፍታ»ን ከጌጦቻቸው እንደ አንዱ ይቆጥሩታል። ቃሉ የት ደረሰ ብለው ሲጠይቁ፣ እዚያ ደርሶ ምን ሠራ ብለው አይጠይቁም። ሁለተኛው የመዛግብት ስሕተት ነው። «ሽፍታ ማለት ዘራፊ ማለት ነው» ብሎ በአንድ ቃል ማለፍ፣ አንዳንዴም ቃሉን ከነሥሩ ሶማልኛ ማድረግ በውጭ ጽሑፎች የተለመደ ነው። ሁለቱም ስሕተቶች አንድ ነገር ይሸፍናሉ፤ ቃሉ ከአገሩ ሲወጣ ግማሽ አካሉን ጥሎ መውጣቱን።

ግሱና ቤተሰቡ

የቃልን አገር ለማወቅ ዘመዶቹን መፈለግ ይበቃል። በአማርኛ «ሸፈተ»፣ «ይሸፍታል»፣ «መሸፈት»፣ «አሸፈተ»፣ «ሽፍትነት» ይባላል። ትግርኛም ይህንኑ ሥር ይዞ ብዙ ቁጥሩን «ሸፋቱ» ይላል። ቃሉ ከጫካ ወጥቶ እስከ ፍቅር ይዘልቃል፤ ሐሳቡ ከቤቱ የወጣ፣ ምኞቱ ወደ ሌላ ያዘነበለ ሰው «ልቡ ሸፈተ» ይባላል። ይህን በመሰለ ቤተሰብ መካከል የሚኖር ቃል እንግዳ አይደለም። በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ የመጣው ያለ ግሱ ነው። «ሽፍታ» አለ፤ «ሸፈተ» የለም። ሶማልኛም ቢሆን ለቀማኛ የራሱ ጥንታዊ ቃል አለው፤ «ቡርዓድ» ይለዋል። ስለዚህ የሽፍታን ሥር በሶማልኛ የሚፈልግ ሰው የሚሠራው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

የግሱ መኖርና አለመኖር የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የክርክሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግስ ድርጊት ነው፤ ድርጊት መነሻም መድረሻም አለው። ሰው ሽፍታ ሆኖ አይወለድም፤ ይሸፍታል። «እገሌ ሸፈተ» የሚል ወሬ በመንደር ሲሰማ፣ አማርኛ ተናጋሪው ወዲያው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። በማን ላይ ሸፈተ? ስለ ምን ሸፈተ? ቆይቶም ይጠይቃል፤ ገባ ወይስ አልገባም?

በማን ላይ የሚለው ጥያቄ ሽፍትነት ሁልጊዜ ከአንድ ሥልጣን ጋር የሚደረግ ጠብ መሆኑን ያሳያል፤ ከንጉሥ፣ ከአገረ ገዥ፣ ከጭቃ ሹም ጋር። ስለ ምን የሚለው በደልን ይፈልጋል፤ ርስቱን ተነጥቆ፣ ፍርድ ተጓድሎበት፣ የአባቱን ሹመት ተከልክሎ፣ ወይም ደም ሊመልስ። ገባ ወይ የሚለው ደግሞ የመመለሻውን መንገድ ይጠቁማል። በቀድሞው ሥርዓት የሸፈተ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ «ማረኝ» ይል ነበር፤ በሽማግሌና በካህን አማላጅነት ይታረቃል፤ ጉልበቱ ከበረታ ደግሞ ሹመት ተሰጥቶት ይገባል። ሽፍትነት በሕግና በወንጀል መካከል የቆመ፣ ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ሁኔታ ነበር።

የኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ የመጽሐፍ ማስረጃ አያሻውም፤ ነገሥታቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። የቋራው ካሣ ኃይሉ በቆላ ሸፍቶ የኖረ ሰው ነበር። እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ ዓሊ በጉልበት ሊገዙት ባለመቻላቸው የራሱን ልጅ ተዋበችን ድረውለት በጋብቻ ሊያስገቡት ሞከሩ። እርሱ ግን እንደገና ሸፈተ፤ በ1855 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በእርሱ ላይ የሸፈተው የትግራዩ ካሣ ምርጫም በ1872 ዮሐንስ አራተኛ ሆነ። ሽፍታን «ዘራፊ» ብቻ ብሎ የተረጎመ መዝገበ ቃላት እነዚህን ሁለት ነገሥታት የት ያስቀምጣቸዋል?

የበላይ ዘለቀ ነገር ከዚህም ይከፋል። ከጣሊያን ወረራ በፊት በጎጃም ሸፍቶ የኖረ ሰው ነው። ከ1936 እስከ 1941 ጠላትን ሲያርበደብድ አርበኛ ተባለ፤ ጣሊያኖቹ ግን እርሱንና መሰሎቹን ከአማርኛው በተዋሱት ቃል ሽፍታ ይሏቸው ነበር። ነጻነት ሲመለስ ደጃዝማች ተባለ። ከዚያ ከተመለሰው መንግሥት ጋር ተጣላ፤ እንደ ዐመፀኛ ተፈርዶበት በጃንዋሪ 1945 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ሰውየው ያው ነው፤ ጠመንጃውም ያው ነው። የተለዋወጠው ስሙን የሚያወጣለት ባለሥልጣን ነበር።

ድንበሩን ሲሻገር

ቃሉ በአገሩ ሳለ የሚያመለክተው የራስን ሰው ነው። ሽፍታው የገዥው ተገዥ፣ የመንደሩ ልጅ፣ የአንዱ አማች ነው። ለዚህም ነው የመመለሻ መንገድ የነበረው። ድንበር በተሻገረ ቁጥር ግን ቃሉ የባዕድ ስም እየሆነ ሄደ። ለጣሊያኑ ሽፍታ ማለት ያልተገዛ ሐበሻ ነው። ለሱዳኑ ጋዜጣ ከምሥራቅ ድንበር የሚመጣ ታጣቂ ኢትዮጵያዊ ነው። ለኬንያው ሹም ከሰሜን የሚመጣ ሶማሌ ነው። በየአገሩ የሚኖር አንድም ሕዝብ የለም፤ በየአገሩ የጎረቤት ስም ነው።

ኤርትራ በእነዚህ በሁለቱ አፈታቶች መካከል ትቆማለች። የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ከ1941 እስከ 1952 በቆየበት ጊዜ፣ በተለይም ከ1940ዎቹ አጋማሽ በኋላ፣ ሽፍቶች የአገሩ ዋና ጉዳይ ሆነው ነበር። ከእነርሱ መካከል ለከብት የሚዘርፍ፣ ለደም የሚገድል፣ ከኢትዮጵያ ጋር ለመዋሐድ የሚታገል፣ ያንንም የሚቃወም ነበረ። የእንግሊዝ ሹማምንት ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልለው ጻፉ፤ በሥራ ላይ ግን የአገሩን ልማድ ተከትለው በ1951 ምሕረት ሲያውጁ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ታጣቂዎች ገቡ። በ1940ዎቹ ሽፍታ ይባል ከነበሩት አንዱ ሐሚድ እድሪስ ዐዋተ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1961 የኤርትራን የትጥቅ ትግል ጀመረ። ያ ቀን ዛሬ በኤርትራ ብሔራዊ በዓል ነው።

ወደ ደቡብ በወረደ ጊዜ ግን ቃሉ ምሕረቱን ጥሎ ወረደ። በኬንያ ሰሜናዊ የድንበር አውራጃ የሚኖሩ ሶማሌዎችና ሌሎች አርብቶ አደሮች ከኬንያ ነጻነት በፊት የፖለቲካ ጥያቄ አንሥተው ነበር። በ1962 እንግሊዝ የላከችው አጣሪ ኮሚሽን በአውራጃው ተዘዋውሮ የሕዝቡን ሐሳብ ሲጠይቅ፣ ከሶማሌው ወገን እጅግ የሚበዛው ከሶማሊያ ጋር መቀላቀል እንደሚሻ ተረዳ። እንግሊዝ ግን ውጤቱን ሳትፈጽም ቀረች። ኬንያ በዲሴምበር 12 ቀን 1963 ነጻ ወጣች፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በሰሜን ምሥራቅ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከዚያ እስከ 1967 የተካሄደው ውጊያ በታሪክ መጻሕፍት «የሽፍታ ጦርነት» ተብሎ ቀረ።

ይህ ስም የጦርነቱን ምክንያት ገና ከመነሻው ያጠፋ ስም ነው። ጥያቄው ድንበር ነበር፤ ስሙ ዘረፋ አደረገው። ተዋጊዎቹ በሞቃዲሾ መንግሥት ሲረዱ ነበር፤ ስሙ ግን ወንበዴዎች ብቻ አደረጋቸው። ወንበዴ ከሆኑ ደግሞ ከእነርሱ ጋር የሚነጋገር መንግሥት አይኖርም፤ የሚያሳድድ ፖሊስ ብቻ ይኖራል። የኬንያ መንግሥት ቃሉን የመረጠው ትርጉሙን ስቶ አይደለም፤ ትርጉሙ ስለ ጠቀመው ነው።

ውጤቱንም ጠመንጃ ያልያዘው ሕዝብ ተቀበለው። ከ1966 ጀምሮ አርብቶ አደሩ በጥበቃ ሥር ባሉ መንደሮች እንዲሰበሰብ ተገደደ፤ ከብት ተወረሰ፣ ግመል ተገደለ፣ የውኃ ጉዞ ተከለከለ። በኢሲዮሎ የሚኖሩት ቦረናዎች ሶማሌዎች አይደሉም፤ ቋንቋቸው ኦሮምኛ ነው። ነገር ግን ቃሉ አንዴ ስም ሆኖ ከተተከለ በኋላ ለማን እንደሚበቃ የሚለይ አልነበረምና እነርሱም ሽፍታ ተባሉ። ያን ዘመን በራሳቸው ቋንቋ «ዳባ» ይሉታል፤ ነገር ሁሉ የቆመበት ጊዜ ማለታቸው ነው። መንግሥት የሽፍታ ጦርነት ያለውን ሕዝቡ በደረሰበት ነገር ሰየመው። ከሁለቱ ስሞች የትኛው በመጽሐፍ እንደ ገባ የታወቀ ነው።

በኦክቶበር 1967 በዛምቢያው ፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳ አደራዳሪነት ኬንያና ሶማሊያ በአሩሻ ተስማሙ፤ ጦርነቱም በረደ። መንግሥታቱ ታረቁ፤ ቃሉ ግን አልታረቀም። በ1970 የወጣው የኬንያ ሕግ ከዲሴምበር 25 ቀን 1963 እስከ ዲሴምበር 1 ቀን 1967 በዚያ አካባቢ የጸጥታ ኃይሎች ለፈጸሙት ነገር እንዳይጠየቁ ከለላ ሰጠ። የአስቸኳይ ጊዜው ሥርዓት ከጦርነቱ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። በፌብሩዋሪ 1984 በዋጂር አጠገብ በዋጋላ የአውሮፕላን ማረፊያ የተሰበሰቡ ሶማሌዎች በጸጥታ ኃይሎች ተገደሉ። መንግሥት 57 ሰው ሞተ ሲል፣ የተረፉት ቁጥሩን ከዚያ እጅግ አልቀው ይናገራሉ። በ1989 ደግሞ ሶማሌ የሆኑ የኬንያ ዜጎች ብቻ ተለይተው ዜግነታቸውን እንዲያስመሰክሩና ልዩ መታወቂያ እንዲይዙ ታዘዙ። በ1963 የአንድ ድርጊት ስም የነበረው በ1989 የዘር ጥርጣሬ ሆኖ ነበር። ግስ የሌለው ቃል መድረሻው ይህ ነው፤ ድርጊት ያቆማሉ፣ ዘር ግን አይቆምም።

ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው የኬንያ የራሷ ታሪክ ነው። እንግሊዞች የኬንያን የነጻነት ታጋዮች ማው ማው ብለው ከሰው ተራ አውጥተዋቸው ነበር። ጆሞ ኬንያታ ራሳቸው በ1953 ማው ማውን መርተዋል ተብለው ተፈርዶባቸዋል። የኪኩዩ ገበሬ በጥበቃ መንደሮች የታጎረው ያኔ ነው። በማው ማው ላይ የተጣለው እገዳ ከሕግ መጽሐፍ የተፋቀው በ2003 ነበር፤ ለዴዳን ኪማቲ ናይሮቢ ላይ ሐውልት የቆመለትም በ2007 ነው። በስም ማጥፋት ምን ያህል እንደሚገደል ከኬንያታ መንግሥት ይልቅ ማን ሊያውቅ ይችል ነበር? አውቆም በሰሜኑ ሕዝብ ላይ ያንኑ መድገሙ ቃሉ በመንግሥታት እጅ ምን ያህል ምቹ መሣሪያ እንደ ሆነ ያሳያል።

ሱዳንም ከዚህ አልራቀችም። በገዳሪፍና በአል-ፋሽጋ የድንበር እርሻዎች ለብዙ ዓመታት በጉልበት ከብትና እህል የሚዘርፉ፣ ሰውም የሚያግቱ ታጣቂዎች እንደ ነበሩ አይካድም። ሆኖም በዲሴምበር 2020 የሱዳን ጦር ወደ አል-ፋሽጋ በገባ ጊዜ ይኸው ቃል ዘራፊውንም፣ የአካባቢውን ሚሊሻም፣ መሬት ሲያርስ የኖረውን ገበሬም በአንድነት መሸፈኛ ሆኖ አገለገለ። የድንበር ክርክር በሽማግሌና በካርታ የሚታይ ነው። «ሽፍታ» ከተባለ በኋላ ግን ካርታ የሚዘረጋ አይገኝም።

መልስ ለተቃዋሚዎች

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ሊሰማም የሚገባ ነው። ሽፍታ በገበሬ ላይ የደረሰ መከራ አልነበረምን? በሬውን የነዳው፣ ነጋዴውን መንገድ ላይ የገፈፈው፣ ሴት ልጁን የጠለፈው ማን ነው? በሰሜን ኬንያም ተዋጊዎቹ መምህራንንና ሹማምንትን፣ መንገደኞችንም ገድለዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የእንግሊዙ ታሪክ ጸሐፊ ኤሪክ ሆብስባውም በ1959 እና በ1969 ባሳተማቸው መጻሕፍት ሽፍታን የድኻ ወገን አድርጎ የሣለው ሥዕል በኢትዮጵያ ደጋ ሲመዘን ጎድሎ ይገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸፈቱት ብዙዎቹ ባላባቶች ነበሩ፤ የሸፈቱትም ድኻን ነጻ ለማውጣት ሳይሆን የተነፈጉትን ሹመት ለማግኘት ነው። ሽፍታውን ያበላውም ወድዶም ሆነ ሳይወድ ያው ድኻ ነው።

ግን ይህ ተቃውሞ የሚያፈርሰው የሽፍታን ውዳሴ እንጂ እዚህ የተነሣውን ክርክር አይደለም። ክርክሩ ሽፍታ መልካም ነው የሚል አይደለም። የዘረፈ ዘራፊ፣ የገደለ ገዳይ ይባል፤ አማርኛ ለዚህ ቀማኛ፣ ወንበዴ፣ ነፍሰ ገዳይ የሚሉ ቃላት አላጣም። ክርክሩ አንድን ሙሉ ሕዝብ፣ አንድን የፖለቲካ ጥያቄ በአንድ ስም ጨፍልቆ መልስ ከመስጠት መሸሽ ፍቺ አይደለም የሚል ነው።

ችግሩም የዛሬ ብቻ አይደለም። በወንጌል በክርስቶስ ፈንታ የተፈታው በርባን በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ወንበዴ ተብሏል፤ በሌላ ስፍራ ግን በሁከት ነፍስ ከገደሉ ዐመፀኞች ጋር ታስሮ እንደ ነበር ተጽፏል። የግሪኩ ቃል «ሌስቴስ» ሁለቱንም ይሸከማል፤ የአይሁዱ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍም በሮም ላይ የተነሡትን የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ሮማውያን ስቅላትን ከሁሉ በላይ ለባሪያና ለዐመፀኛ ያደርጉት እንደ ነበር ሲታሰብ፣ በጎልጎታ በግራና በቀኝ የተሰቀሉት ተራ ሌቦች ናቸው ብሎ ማለፍ ያስቸግራል። መንግሥታት ዐመፅን በዘረፋ ስም መጥራት የጀመሩት በ1963 አልነበረም።

ቃሉ ወደ አገሩ ሲመለስ

የሚያሳዝነው ቃሉ በጎደለ ፍቺው ተመልሶ ወደ አማርኛ መግባቱ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥታት የተነሡባቸውን ሁሉ ሽፍታ ማለትን የለመዱት ቀደም ብለው ነው። በባሌ ከ1963 እስከ 1970 የቆየው የዋቆ ጉቱ ዐመፅ ሽፍትነት ተባለ፤ ነገር ግን በንጉሡ ዘመን አሮጌው የመመለሻ መንገድ ገና አልተዘጋም ነበርና ዋቆ ጉቱ በምሕረት ገባ። ደርግ ከዚህ ይልቅ «ወንበዴ»ን መረጠ፤ «ገንጣይ አስገንጣይ» የሚል ጨምሮ። ወንበዴ የተባሉት በ1991 አዲስ አበባንና አሥመራን ሲይዙ ቃሉ ባዶ እጁን ቀረ። ተራው የ«ሽብርተኛ» ሆነ። በሜይ 2021 የኢትዮጵያ ፓርላማ ሕወሓትን በሽብርተኛነት ፈረጀ፤ በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ በማርች 2023 ፓርላማው ስሙን ፋቀ። በመካከሉ ስንት ሰው እንደ ሞተ የሚያውቅ ሁሉ፣ የስም መፋቅ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚመጣ ያውቃል።

አዲሱ ቃል ከአሮጌው የሚብስበት ነገር አለ። «ሸፈተ» በማን ላይ፣ ስለ ምን ብሎ ያስጠይቅ ነበር፤ «ሽብርተኛ» ጥያቄውን ይዘጋል። ሽፍታ ይገባ ነበር፤ ሽብርተኛ «ይደመሰሳል» እንጂ ገባ የሚል ግስ አልተበጀለትም። ስለዚህ ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣውን የሚቀበል ሽማግሌ ጠፍቶ፣ ድርድሩ በባዕድ ከተማ በባዕድ አደራዳሪ ይሆናል።

የአማርኛ ጸሐፊ እንግዲህ ሥራ አለበት። ሥራው ቃሉ የት ድረስ እንደ ተሰራጨ እየቆጠሩ መኩራት አይደለም። ናይሮቢ ላይ «ማሽፍታ» ሲባል የሚሸማቀቅ የጋሪሳ ልጅ ባለበት አገር፣ ይህ ቃል የእኛ ነው ማለት ዕዳውም የእኛ ነው ማለት ነው። የኬንያን ታሪክ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ «የሽፍታ ጦርነት» የሚለውን ስም እንዳለ ከመገልበጡ በፊት ስሙን ያወጣው ማን እንደ ሆነ ለአንባቢው ሊነግር ይገባል። ዜና የሚጽፍም «ሽፍቶች ጥቃት አደረሱ» ብሎ ከማለፉ በፊት የተደረገውን በስሙ ይጥራ፤ ዘረፋ ከሆነ ዘረፋ፣ ዐመፅ ከሆነ ዐመፅ፣ የድንበር ጠብ ከሆነ የድንበር ጠብ።

መዝገበ ቃላት አዘጋጁም «ሽፍታ፦ ወንበዴ» ብሎ መስመሩን መዝጋት ይቅርበት። ግሱን ያስቀድም፤ ከግሱም ጋር ጥያቄዎቹን ይጻፍ፤ በማን ላይ፣ ስለ ምን፣ መቼስ ገባ? እነዚህን መመለስ የማይፈልግ መንግሥት ወይም ጸሐፊ ቃሉን ሊጠቀምበት መብት የለውም። በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ ከአፍ ሊጠፋ አይገባም፤ መግባት የሌለበት ሽፍትነት አባቶች የማያውቁት ነገር ነበርና።